የአድዋን የዊኪፒዲያ ጽሁፍ እንዴት እንገምግም፣ እንዴትስ እናሻሽል

ስለ አድዋ የተጻፈውን የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሁፍ ከፍታችሁ "ይሄማ መስተካከል አለበት" ብላችሁ ኤዲት የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። አድዋን የመረጥኩት ሁላችንም የምናውቀው ስለሚመስለን ነው፣ በጣም የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው ምክንያቱም ሰው የሚያውቀው ሲመስለው ሶርስ አይፈልግም ዝም ብሎ ይጽፋል። አሰራሩ ግን ለሰገሌም ለመተማም ለማይጨውም ያው ነው፣ ስሙንና ቀኑን ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ከአሁኑ ልበል። አብዛኛው ሰው የጦርነት ጽሁፍ አሻሻልኩ ሲል የጨመረው ቅጽል ነው። "ታላቁ"፣ "አኩሪው"፣ "ጀግናው"፣ "እብሪተኛው ወራሪ" ምናምን። ጽሁፉ የጎደለው ግን እሱ አይደለም፣ የጎደለው ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን የት ጋ እንደነበረ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው። እነዚህን ካስተካከላችሁ ቅጽሉን አንባቢው ራሱ በልቡ ይጨምረዋል፣ አትጨነቁ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ አንብቡ

ጽሁፉን ከላይ እስከ ታች አንዴ አንብቡት፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ። ቀጥሎ ሂስትሪውን ክፈቱ፣ ከዛ የውይይት ገጹን። ማን ምን ጨመረ፣ ማን መልሶ አጠፋው፣ የተጨቃጨቁት በምንድነው የሚለውን እዩ። እናንተ አሁን ልታስተካክሉት ያሰባችሁት ነገር ከሁለት አመት በፊት ተስተካክሎ መልሶ የተቀየረ ሊሆን ይችላል፣ የተቀየረበትም ምክንያት እዛው ተጽፎ ይሆናል። ይሄን ሳያዩ ገብቶ መጻፍ ሰው ያስቆጣል።

ሁለተኛ ስታነቡ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጡትና ምልክት እያደረጋችሁ ሂዱ። ሶርስ የሌለው አረፍተ ነገር አንድ ቀለም፣ ሶርስ ተሰጥቶት ግን ሶርሱ እንደዛ ማለቱ የሚያጠራጥር ሌላ ቀለም፣ ጭራሽ የሌለ ነገር ካለ ደግሞ ዳር ላይ በማስታወሻ። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ያሉት የውትድርና ታሪክ አርታኢዎች አንድን ጽሁፍ ቢ የሚባለውን ደረጃ ለመስጠት አምስት ነገር ነው የሚያዩት፦ ሶርስ አለው ወይ፣ ዋና ዋናው ነገር ሳይዛባ ተሸፍኗል ወይ፣ አደረጃጀቱ ደህና ነው ወይ፣ ቋንቋው ይነበባል ወይ፣ ኢንፎቦክስ የምትባለው የመረጃ ሳጥንና ካርታ ስእል ምናምን አለው ወይ። ለአማርኛውም ይሄንኑ መጠቀም ይቻላል፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ጽሁፉ ስለ አንዱ ቀን ነው ወይስ ስለ ዘመቻው?

ይሄ ሳይወሰን ምንም አይስተካከልም። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ጽሁፍ ከውጫሌ ውል ይጀምርና አንቀጽ 17ን በሰፊው ይተርካል፣ ከዛ አምባላጌ፣ ከዛ የመቀሌው ከበባ፣ እና የካቲት 23 ላይ ሲደርስ ጸሀፊው ደክሞት በአንድ ፓራግራፍ ይጨርሰዋል። አድዋ የሚል ርእስ ይዞ አድዋ የሌለበት ጽሁፍ ማለት ነው።

እኔ የምለው፣ ጽሁፉ ስለ ውጊያው ከሆነ ዳራው ሁለት ሶስት ፓራግራፍ ይበቃዋል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ተፈረመ፣ በአንቀጽ 17 ላይ ጸብ መጣ፣ መስከረም 1888 የክተት አዋጅ ታወጀ፣ ህዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ ሻለቃ ቶዜሊ ተሸንፎ ሞተ፣ ከዛ ሻለቃ ጋሊያኖ መቀሌ ላይ ተከቦ በእቴጌ ጣይቱ እቅድ ውሀው ተያዘበትና ጥር ላይ ምሽጉን ለቀቀ። እያንዳንዱ የራሱ ገጽ ሊኖረው ይገባል፣ እናንተ ሊንክ አድርጋችሁ እለፉ። የሌለ ከሆነም ቀይ ሊንክ (ገና ላልተጻፈ ገጽ የሚሆን ሊንክ) ተዉለት አንድ ሰው ይጽፈዋል።

ከዳራው ውስጥ ግን አንድ የማይዘለል ነገር አለ፣ ለምን በዛ ቀን ተዋጉ የሚለው። ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግ እያሰበ ነበር፣ ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በፌብሩዋሪ 25 የሚያሳፍር ቴሌግራም ላከበት፣ የብርጌድ አዛዦቹም እንዋጋ አሉ። ይሄ ከሌለ አንባቢው ጣልያኖቹ ዝም ብለው በሌሊት ተነስተው የመጡ ነው የሚመስለው።

ቀኑን በእጃችሁ ቁጠሩ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ እሁድ። በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896። እዚ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ዛሬ ዛሬ የአድዋ በአል የሚውለው በፈረንጅ ማርች 2 ነው አይደል፣ ስለዚህ አንዱ መጥቶ ስልኩ ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ "ማርች 1 ስህተት ነው" ብሎ ወደ 2 ይቀይረዋል፣ ሌላው ደግሞ ፈረንጅ መጽሀፍ አይቶ ይመልሰዋል፣ እንዲህ እያሉ ይኖራሉ።

ነገሩ ቀላል ነው። በፈረንጆቹ ህግ መቶ የሞላ አመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪው 29 አይሆንም፣ ስለዚህ 1900 ላይ አንድ ቀን ዘለሉ። የኛ ጳጉሜ ግን በየአራት አመቱ ሳታዛንፍ 6 ትሆናለች። ስለዚህ ከ1900 በፊት ያለ ቀን ካሁኑ ጋር ሲተያይ በአንድ ቀን ይለያያል። ራሳችሁ ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ፣ 1887 ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜዋ 6 ነበረች፣ መስከረም 1 ቀን 1888 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ዋለ፣ ከሱ ተነስታችሁ 172 ቀን ቁጠሩ፣ 1896 ፌብሩዋሪዋ 29 እንደሆነች አትርሱ፣ ማርች 1 ላይ ትደርሳላችሁ። የሳምንቱን ቀን ደግሞ እዩ፣ እሁድ መሆን አለበት። ኢንተርኔት ላይ ያለ መቀየሪያ ስትጠቀሙ መጀመሪያ በዚች ቀን ፈትኑት፣ ማርች 2 ካላችሁ ሌሎቹንም የአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቀኖች ያበላሽባችኋል ማለት ነው።

ሌላው "በ1896 ዓ.ም." የሚለው ነው። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም የፈረንጁ አመት እንዳለ ይወሰድና ዓ.ም. ይለጠፍበታል። እንደዚ ያለውን በፍለጋ አንድ በአንድ አውጡት፣ እና በጽሁፉ ውስጥ ዋናው አቆጣጠር የኛ ይሁን፣ የፈረንጁ እ.ኤ.አ. ተብሎ መጀመሪያ ላይ አንዴ ይቀመጥ፣ ከዛ በኋላ በየመስመሩ ሁለቱንም መደርደር አያስፈልግም፣ አይን ያደክማል።

ኢንፎቦክሱ ላይ ሰው ይጣላል

ሰው ከስር ያለውን ሁሉ ባያነብ እንኳን በቀኝ በኩል ያለችውን ሳጥን ያነባል፣ ስለዚህ ጸቡም እዛ ነው። በተለይ የአዛዦች ዝርዝር ላይ። ሁሉም የራሱን አካባቢ ሰው ማስገባት ይፈልጋል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ከላይ እንዲሆን ይፈልጋል፣ ዝርዝሩ ወርዶ ወርዶ ጽሁፉን ይበልጠዋል። እኔ ሳየው መፍትሄው መመዘኛ ማውጣትና ውይይት ገጹ ላይ መጻፍ ነው። ለምሳሌ፣ የራሱን ጦር ይዞ የዘመተ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ እንበል። አጼ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱ፣ ንጉስ ተክለሃይማኖት፣ ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ ዮሐንስ፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ወሌ፣ ዋግሹም ጓንጉል። ሌላው ሁሉ ቀረ ማለት አይደለም፣ ፊታውራሪ ገበየሁ እዛው የወደቁ ናቸው፣ ባልቻ በመድፉ፣ እነሱ በውጊያው ትረካ ውስጥ ሲገቡ ነው ሰው የሚያስታውሳቸው እንጂ በዝርዝር ውስጥ አስራ ሰባተኛ ሲሆኑ አይደለም።

ማእረጉን ደግሞ የዛን ቀኑን ጻፉ። ሚካኤል በ1888 ራስ ናቸው፣ ንጉስ የተባሉት በ1906 ነው። ባልቻም ያኔ በጅሮንድ ነበሩ፣ ደጃዝማችነቱ በኋላ ነው የመጣው። በኋላ ባገኙት ማእረግ መጥራት ለክብር ይመስላል ግን ጽሁፉን የሚያነብ ተማሪ ያሳስታል።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የጣልያን ወገን ጦር አንዱ መጽሀፍ ላይ 14,500 ገደማ፣ ሌላው ላይ 17,700 ገደማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ መድፉ 56 ነው። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አታጥፉ፣ ሁለቱንም ከነሶርሱ አስቀምጡና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጽሀፉ ካለ አብራችሁ ጻፉ። ደግሞ "17,700 ጣልያኖች" የሚል ካያችሁ ወዲያው አርሙት። ከዛ ውስጥ ወደ 7,000 የሚሆኑት አስካሪዎች ማለትም በጣልያን ጦር ውስጥ የተቀጠሩ የአገሬው ወታደሮች ናቸው፣ አብዛኞቹ የኤርትራ ልጆች። ሳጥኑ ላይ ይሄ ተለይቶ መታየት አለበት።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው ከሰባ ሺህ ምናምን ተነስቶ 120,000 ይደርሳል፣ አብዛኛው ሰው 100,000 ይላል። ክብ ቁጥር ሲሆን ጠርጥሩ። መዝገብ ተይዞ የተቆጠረ ሰራዊት አይደለም፣ በየመሳፍንቱ ጦር እየተገመተ የተደመረ ነው፣ ግምቱን ካወጡት ብዙዎቹ ደግሞ ጣልያኖችና ሌሎች ፈረንጆች ናቸው፣ የተሸነፈ ሰው ደግሞ ያሸነፈውን ጦር ቢያበዛው ይጠቅመዋል። ስለዚህ "ግምት" የሚለው ቃል አጠገቡ ይኑር፣ የማን ግምት እንደሆነም።

የሟቾቹ ላይ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጣልያን ወገን ሟች ብዙ ጊዜ 6,000 ገደማ ይባላል፣ ግን አንዱ ጸሀፊ የጠፉትን ጨምሮ ነው፣ ሌላው አስካሪዎቹን ሳይቆጥር ነው፣ ሌላው ቁስለኛና ምርኮኛ ደባልቆ ነው። ቁጥሯን ከመኮረጃችሁ በፊት መጽሀፉ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ወይም ግርጌ ማስታወሻ እዩ፣ ምን ምን እንደተደመረ። የኛ ወገን ሟች ከ4,000 እስከ 7,000 የሚል ግምት አለ፣ እሱንም እንደ ግምት አስቀምጡ። እዚ ጋ አንድ አይቼ የተናደድኩበት ነገር፣ የጠላት ሟች በአንድ ሰው እስኪቀር ተቆጥሮ ተጽፎ የራሳችን ሟች ጭራሽ ባዶ የተተወበት ሳጥን አለ። ድል ማለት ሰው አልሞተብንም ማለት አይደለም፣ ይሙላ።

ውጊያውን ራሱን መጻፍ

ይሄ ነው ዋናው ስራ፣ ጊዜያችሁን እዚ ላይ አጥፉት። ካርታ ከፍታችሁ ስሩ። ካርታ የሌለው የውጊያ ትረካ ለአንባቢው ጭጋግ ነው፣ ለጸሀፊውም እንደዛው።

ይሄ አረፍተ ነገር በተለያየ መልኩ በየቦታው አለ፦ "ጀግናው የኢትዮጵያ ሰራዊት እብሪተኛውን የጣልያን ጦር በሰአታት ውስጥ ድባቅ መታው።" ጥሩ ነው፣ ግን ከዚህ ምን አወቅን? የትኛውን ጦር? የት? በምን ቅደም ተከተል? እስቲ በሱ ቦታ ይሄንን አስቡት፦

"የጣልያን ጦር የካቲት 22 ማታ ከሳውሪያ ተነስቶ በሌሊት ተጓዘ። በግራ የጄኔራል አልቤርቶኔ፣ በመሀል የጄኔራል አሪሞንዲ፣ በቀኝ የጄኔራል ዳቦርሚዳ ብርጌዶች ሲሄዱ የጄኔራል ኤሌና ብርጌድ በተጠባባቂነት ከኋላ ነበር። አብዛኛው አስካሪ የሆነው የአልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት በመሄዱ ብቻውን ንጋት ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ገጠመ። መጀመሪያ እሱ ተሰበረ፣ ቀጥሎ መሀል የነበረው የአሪሞንዲ፣ በመጨረሻ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የገባው የዳቦርሚዳ። ከአራቱ የብርጌድ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ።"

አንድም ቅጽል የለውም፣ ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ ምን እንደደረሰባቸው ይገባችኋል። ሶስት ብርጌድ ለየብቻው እየተገኘ ነው የተመታው። የኢትዮጵያ አዛዦች ብልሀትም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንደዚ ሲጻፍ ነው ምክንያቱም እያንዳንዱን ክፍተት ያየውና የገባበት ሰው አለ፣ ቀጥሎ የምትጽፉት እሱን ነው፦ የትኛው ራስ የትኛው ብርጌድ ላይ ነበር፣ የንጉሰ ነገስቱ ጦር መቼ ገባ። እዚ ላይ ሶርሶቹ ስለሚለያዩ አንድ መጽሀፍ ብቻ ይዛችሁ አትጻፉ።

አልቤርቶኔ ለምን ርቆ ሄደ የሚለው ራሱ ለገምጋሚ ጥሩ ፈተና ነው። ባራቲየሪ ለአዛዦቹ በሰጠው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምህረት የተባለው ኮረብታ ያለቦታው ነበር፣ አልቤርቶኔ ንድፉ ላይ ያለው ቦታ ደርሶ መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምህረት ገና ወደፊት ነው ሲሉት ቀጠለ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ባራቲየሪ በአልቤርቶኔ ላይ አሳበበ፣ ሌሎች ደግሞ ካርታውን ያወጣው ማን ሆነና ይላሉ። እናንተ ዳኛ አትሁኑ፣ "ባራቲየሪ እንዳለው" ብላችሁ የሱን፣ ቀጥሎ የታሪክ ጸሀፊዎቹን ስማቸውን ጠርታችሁ የነሱን አስቀምጡ። ጽሁፉ ላይ "በአልቤርቶኔ ስህተት ምክንያት" ተብሎ ያለ ባለቤት ተጽፎ ካገኛችሁት ግን እሱ የተከሳሽን ቃል እንደ ፍርድ መውሰድ ነው።

የባሻይ አውአሎምንም ነገር እንደዚሁ አድርጉት። ጣልያኖችን አሳስተው አመጡ የሚለው ታሪክ ይወጣ አይባልም፣ በህዝቡ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው፣ ግን ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ የጣልያን ሶርስ ስለ ሰላዮቹ ምን ይላል የሚለው አብሮ ይምጣ። የክተት አዋጁንም ቃል በቃል ከመለጠፋችሁ በፊት የማን ቅጂ እንደሆነ ጻፉ፣ ከአንድ በላይ አይነት ሆኖ ነው የሚዞረው።

የማይመቸውን አትዝለሉ

ገለልተኛ መሆን ማለት ለጣልያን ማዘን አይደለም። ግን ከውጊያው በኋላ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጅና ግራ እግር መቆረጡ የታወቀ ነው፣ 800 ገደማ የሚል ቁጥር በብዙ መጽሀፍ አለ። በአማርኛ ስንጽፍ ይቺን እንዘላለን። መግባት አለባት፣ በአንድ ሁለት አረፍተ ነገር፣ ከነምክንያቱ፦ እንደ ባእድ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ከሀዲ ነው የተቆጠሩት፣ ቅጣቱም በጊዜው ለክህደት የሚሰጥ ነበር። የጣልያን ምርኮኞች በአንጻሩ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከጥቅምት 17 ቀን 1889ኙ የአዲስ አበባ ውል በኋላ ወደ ሀገራቸው መሄዳቸው አጠገቡ ይጻፍ፣ አንዱ ያለ ሌላው ሲጻፍ ስእሉ ይዛባል። የማያምን ሰው ይሄንን ሊያጠፋው ይሞክራል፣ ለዛ ነው ሶርሱ ጠንካራ መሆን ያለበት፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር።

ሶርስ ከየት?

ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቱብ ላይ ያለ ትረካ ሶርስ አይደለም፣ የበአል ሰሞን የጋዜጣ ጽሁፍም ደካማ ነው ምክንያቱም ግማሹ ከዊኪፒዲያ ራሱ የተገለበጠ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ራሳችንን ነው የምንጠቅሰው። ጋዜጣው የወጣበትን ቀንና አረፍተ ነገሩ ዊኪፒዲያ ላይ የገባበትን ቀን ሂስትሪው ላይ ብታወዳድሩ ማን ከማን እንደቀዳ ታውቁታላችሁ።

የጊዜው ሰዎች የጻፉት አለ። በኛ በኩል የምኒልክ ዜና መዋእል ጸሀፊ ጸሀፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ፣ በዛ በኩል ባራቲየሪ ራሱ። ገብረ ሥላሴ ቤተ መንግስቱ ነገሩን እንዴት እንዳየው ለማወቅ ሁነኛ ነው፣ ስለ ጠላት ብዛት ግን ምስክር አይሆንም። ባራቲየሪም አስመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ ነጻ ከወጣ በኋላ የጻፈው ራሱን ለመከላከል ነው፣ ያንን እያሰባችሁ አንብቡት። ለዋናው ትረካ መሰረቱ በኋላ የተጻፉ የታሪክ ባለሙያዎች ስራ መሆን አለበት።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻህፍት እና ወመዘክር አሉ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሰፈራችሁ ያለውን ላይብረሪ ንቃችሁ አትለፉት፣ በተለይ አሜሪካ ያላችሁ፣ እነሱ ጋ ባይኖር ከሌላ ላይብረሪ አስመጥተው ያውሷችኋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890ዎቹና በ1900ዎቹ በፈረንጅ ቋንቋ የታተሙት አሮጌዎቹ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ዊኪፒዲያ ላይ 500 ኤዲት ሰርታችሁ አካውንታችሁ ስድስት ወር ከሞላው፣ ባለፈው ወርም ቢያንስ አስር ኤዲት ካላችሁና ካልታገዳችሁ ደግሞ የዊኪፒዲያ ላይብረሪ የሚባለው ይከፈትላችኋል፣ የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በነጻ ታነቡበታላችሁ፣ ይሄን የሚያውቅ ሀበሻ ጥቂት ነው።

ጣልያንኛ የሚችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ አስቸግሩት። ግማሹ ማስረጃ በዛ ቋንቋ ነው ያለው።

ፎቶና ስእል

እዚ ላይ አጭር ነኝ። "የአድዋ ዘማቾች" ተብሎ የሚለጠፍ ፎቶ ውስጥ መኪና፣ አውሮፕላን ወይም የጋዝ ጭምብል ካያችሁ የ1928ቱ ጦርነት ነው፣ አውጡት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ያለበት ስእል ቆንጆ ነው ይቀመጥ፣ ግን አብዛኞቹ ከውጊያው ብዙ አመት ቆይተው የተሳሉ ስለሆኑ መቼ እንደተሳለ ከስሩ ይጻፍ። የዛን ዘመን የአውሮፓ ጋዜጦች ስእልም ቦታው ላይ ያልነበረ ሰው የሳለው ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይገለጽ። ከጎግል ያገኛችሁትን ፎቶ ዝም ብላችሁ አትጫኑ፣ ባለቤቱና ፈቃዱ ካልታወቀ ይሰረዛል። በጣም የሚያስፈልገው የብርጌዶቹን ጉዞ የሚያሳይ ካርታ ነው፣ ራሳችሁ መስራት ከቻላችሁ ከፎቶ ሁሉ ይበልጣል።

ኤዲቱን ቆራርጣችሁ አስገቡ

ሁሉንም ሰርታችሁ ጨርሳችሁ አንድ ቀን ላይ ሙሉ ገጹን ገልብጣችሁ ብትለጥፉ የሚያየው ሰው ደንግጦ በአንድ ክሊክ ይመልሰዋል፣ እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሳንድቦክሳችሁ (የራሳችሁ መለማመጃ ገጽ) ላይ ስሩት። ከዛ ማንም የማይከራከርበትን አስገቡ፣ የቀን እርማት፣ የተሰበረ ሊንክ፣ የስም አጻጻፍ (ባራቲየሪን በአንድ ገጽ ላይ በሶስት አይነት መጻፍ አይሆንም፣ አድዋ፣ ዓድዋ፣ ዐድዋ ብሎ የሚፈልገው ሁሉ እዚሁ ገጽ እንዲደርስ ሪዳይሬክት አድርጉ)። ቀጥሎ ቁጥሮቹ ከነሶርሳቸው። ከዛ የውጊያው ትረካ። ሶርስ የሌለውን የሰው ጽሁፍ ወዲያው አታጥፉ፣ "ምንጭ ያስፈልጋል" የሚለውን ምልክት አድርጉበትና የተወሰነ ሳምንት ጠብቁ፣ የሰው ስም የሚያጠፋ ካልሆነ በቀር። እያንዳንዱ ኤዲት ላይ ማጠቃለያ የምትባለዋን ሳጥን ሙሏት፣ "ማርች 2 የነበረውን ወደ ማርች 1፣ ምክንያቱ ውይይት ገጽ ላይ" አይነት፣ አጭር።

የሚከራከር ሲመጣ ገጹ ላይ አትጓተቱ። በእንግሊዝኛው በ24 ሰአት ከሶስት ጊዜ በላይ የሌላውን እየመለሱ መጻፍ ያሳግዳል፣ በአማርኛው ደግሞ አርታኢው ጥቂት ስለሆነ አንድ ሰው ከተቀየማችሁ ገጹ ለአመታት እንደቆመ ይቀራል። ውይይት ገጹ ላይ መጽሀፉን፣ ገጹን፣ አረፍተ ነገሩን ጻፉለት፣ "የኔ አያት ነግረውኛል" ቢላችሁ አክብራችሁ ስሙት፣ ግን የታተመ ነገር ካለ እንዲያመጣ ጠይቁት።

ከሁሉ በኋላ ገጹ ሲቀየር እንድታዩት ዋችሊስት ውስጥ አስገቡት። ጥር መጨረሻ ላይ ጀምሮ ሰው መጉረፍ ይጀምራል፣ ማርች 1ን ወደ 2 የሚቀይረው፣ አዛዥ የሚጨምረው፣ መፈክር የሚለጥፈው ያን ጊዜ ነው። አብዛኛው ክፋት አስቦ አይደለም ስለዚህ ዝም ብላችሁ አትመልሱበት፣ የቀኑን ስሌት ውይይት ገጹ ላይ አንዴ ጽፋችሁ አስቀምጡና ሊንኩን ስጡት። የካቲት 23 ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ ከበአሉ በፊት ከነበረው ቅጂ ጋር አወዳድሩ፣ ከገባው ውስጥ ሶርስ ያለው ጥሩ ነገር አይጠፋም፣ እሱን አስቀሩና ሌላውን ወደ ውይይት ገጹ አውርዱት።